ከአዲስ አበባ ወደ ገጠር ለሚወጡ፦ ከዱር እንስሳት አደጋ ራስን የመጠበቂያ መመሪያ

በአራት ኪሎ፣ በፒያሳ ወይም በካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ ሰው የዱር እንስሳትን የሚያውቃቸው በአብዛኛው በአጥር ውስጥ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢም ሆነ ከጥቂት ዓመታት በፊት በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ የተከፈተው አንድነት ፓርክ አንበሳን በቅርብ ርቀት ያሳያሉ፤ በአራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ የሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ደግሞ የአገራችንን አጥቢ እንስሳትና አእዋፍ አድርቆ ለጎብኚ አቁሟቸዋል። ሦስቱም ሊጎበኙ የሚገባቸው ናቸው፤ ነገር ግን እንስሳው በስንት ሰዓት ከጎሬው እንደሚወጣ፣ በየትኛው ዱካ ወደ ውኃ እንደሚወርድ፣ በዚያ ዱካ ላይ ሰው ሲያጋጥመውም ምን እንደሚያደርግ ሊያሳዩን አይችሉም። በገጠር ብዙ ሰው የሚጎዳው ደግሞ ይህን ባለማወቅ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለበዓል ዘመድ ጥየቃ፣ ለጸበል፣ ለመስክ ጥናት፣ ለመንገድ ሥራ ወይም ለአዝመራ ስብሰባ ከመዲናዋ ወጥተው ወደ ገጠር ለሚሄዱ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ከጉልበት፣ ከድፍረትና ከመሣሪያ ይልቅ ሰውን የሚያድነው የእንስሳውን ሰዓትና መንገድ አስቀድሞ ማወቅ ነው፤ ይህን እውቀት ከማንም በላይ የያዘው ደግሞ የአካባቢው ነዋሪ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ የተጻፈውና ያረፉበት ቤት ባለቤት የሚነግርዎ ነገር በተለያየ ጊዜ የቦታውን ጉዳይ በሚመለከት የባለቤቱን ቃል ያስቀድሙ።

ከመነሣትዎ በፊት

ወደ አውቶቡስ ተራ ከመሄድዎ በፊት መርካቶ ወይም ፒያሳ ላይ በቀላሉ የሚገኙ ጥቂት ዕቃዎችን ይያዙ። ከሁሉ የሚቀድመው ብርሃኑ ጠንካራ የሆነ የእጅ ባትሪ ነው። የስልክ መብራት የእግር ሥር ያሳያል እንጂ ራቅ ያለ ነገር አያሳይም፤ የስልኩን ኃይል ጨርሶ በችግር ጊዜ መደወል እንዳይችሉ ሊያደርግዎም ይችላል። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ቦት ጫማ፣ ወፍራም ሱሪ፣ አንድ ሙሉ ሳሙና፣ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ፋሻ፣ እንዲሁም አዮዲን ያስፈልግዎታል። ሳሙናው ከእጅ መታጠቢያነት በላይ የሆነ ሥራ አለው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለረጅም ጊዜ በመስክ የሚቆዩ ከሆነ፣ በተለይም ሥራዎ ከውሾች፣ ከከብቶች ወይም ከዱር እንስሳት ጋር የሚያገናኝዎ ከሆነ፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባትን አስቀድመው መውሰድ ይገባዎት እንደሆነ ሐኪም ያማክሩ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የወሰዱበትንም ጊዜ ያስታውሱ። በሚሄዱበት ወረዳ በጣም ቅርብ የሆነው ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ፣ ሆስፒታሉስ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በሌሊት መኪና ከየት እንደሚገኝ ከመሄድዎ በፊት መጠየቅ የፈሪ ሥራ አይደለም። በገጠር ከእንስሳው ንክሻ ባልተናነሰ ሰውን የሚጎዳው ከንክሻው በኋላ በመንገድ ፍለጋ የሚባክነው ሰዓት ነውና።

ከደረሱ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ የቤቱን አባወራ ወይም እማወራ በትሕትና ይጠይቁ። ጅብ የሚያልፈው በየት በኩል ነው? ውኃ የሚቀዳው ከየት ነው፣ በዚያስ ውኃ ውስጥ ምን አለ? በቅርቡ ያበደ ውሻ ወይም ሰው የተዳፈረ አውሬ ታይቷል? እባብ የሚበዛው በየትኛው ወራትና በየትኛው ማሳ ነው? ሽማግሌዎችና እረኞች ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጡት መልስ በየትኛውም መጽሐፍ የማይገኝ ነው። እረኛ ልጅ ነው ብለው አይናቁት፤ የትኛው ቁጥቋጦ ውስጥ ነብር እንደሚተኛ ከአባቱ ይልቅ እሱ ሊያውቅ ይችላል።

ጅብ

ስለ ጅብ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ከትልልቆቹ ሥጋ በል እንስሳት ሁሉ ከሰው ጋር ተጠግቶ የሚኖረው እሱ ስለሆነ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ራሱ ለጅብ እንግዳ አይደለም። ከእንጦጦ ተነሥተው በከተማዋ መካከል የሚወርዱት ወንዞች በሌሊት የጅብ መንገድ ናቸው፤ በቀበናና በፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ጩኸቱን ሰምቶ የማያውቅ ነዋሪ ጥቂት ነው። ይህ ልማድ ግን ሁለት የተሳሳቱ ስሜቶችን አሳድሮብናል። አንዳንዱ ጅብን ከቆሻሻ በቀር የማይነካ ፈሪ አድርጎ ያየዋል፤ ሌላው ደግሞ ድምፁን ሲሰማ ልቡ ይርድና ሮጦ ያመልጠው ዘንድ ይሞክራል። ሁለቱም ያስጎዳሉ። ጅብ አጥንት የሚሰብር መንጋጋ ያለው፣ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ የሚችልና ከሬሳ ለቃሚነቱ በተጨማሪ ጎበዝ አዳኝ የሆነ እንስሳ ነው። በሩጫ የሚያመልጠው ሰው የለም።

ጅብ ሰውን የሚነካው በዘፈቀደ አይደለም። የሚመርጠው ብቻውን በጨለማ የሚሄደውን ሕፃን፣ መንገድ ዳር የተኛውን፣ ጠጥቶ የሚንገዳገደውን፣ የታመመውንና የደከመውን ነው። ቀጥ ብሎ የቆመና ፊቱን ያዞረ ጎልማሳ ሰው ሲያጋጥመው በአብዛኛው ያመነታል። ስለዚህ በሌሊት መንገድ ላይ ጅብ ቢያጋጥምዎ ባሉበት ቆም ይበሉ፤ ፊትዎን ወደ እሱ ያዙሩ፤ ባትሪውን ዓይኑ ላይ ያብሩ፤ በወፍራም ድምፅ ይጩኹ፤ ነጠላ፣ ጋቢ ወይም ኮት ካለዎት ወደ ላይ ዘርግተው ያውለብልቡት። ከዚያም ዓይንዎን ሳያነሡ ወደ ኋላ እየተራመዱ ወደ ቤት ወይም ወደ ሰው ይቅረቡ። መሬት ላይ መቀመጥና መተኛት ፈጽሞ አይገባም። ድንጋይ ለማንሣት ማጎንበስም ቢሆን ጅቡ ቅርብ ከሆነ አደገኛ ነው፤ ከዘራ ወይም ዱላ ከቤት ይዞ መውጣት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከብዙ ሰው ጋር ከሆኑ ሕፃናቱን መሐል አድርገው ተጠጋግተው ይሂዱ። ጅብ ዛፍ መውጣት ስለማይችል ሌላ መሸሸጊያ ከታጣ ዛፍ ያድናል። በርከት ብለው ቢመጡና አንዱ ቢይዝዎ ግን ዝም ብሎ መተኛት አያድንም፤ በያዙት ነገር ሁሉ አፍንጫውንና ዓይኑን እየመቱ፣ አንገትዎን እየጠበቁ፣ እየጮኹ ይከላከሉ።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚያስጨንቀው በየገዳሙና በየጸበሉ ቦታ በሜዳ የሚያድረው ሕዝብ ነው። ከአዲስ አበባ በበዓላት ሰሞን በብዙ አውቶቡስ የሚጓዙ ምእመናን ማረፊያው ሞልቶባቸው ከነልጆቻቸው በጋቢ ተጠቅልለው ደጅ ሲያድሩ ይታያል። የተኛ ሰው፣ በተለይም ዳር ላይ የተኛ ሕፃን፣ ለጅብ የቀለለ ነው። ደጅ ማደር ግድ ከሆነ ሕፃናት፣ አረጋውያንና ሕሙማን በመካከል ይተኙ፤ ጎልማሶች ዙሪያውን ይያዙ፤ እሳት ወይም መብራት ሳይጠፋ ይደር፤ ቢያንስ ሁለት ሰው በየተራ ይጠብቅ። የስንቅ ትርፍራፊ ከመኝታው ራቅ ተደርጎ ይቀበር። ለሽንት በሌሊት የሚነሣ ሰው ሌላ ሰው ቀስቅሶ፣ ባትሪ አብርቶ፣ አካባቢውን ቃኝቶ ይውጣ፤ ልጅ ብቻውን አይላክ። በገጠር ቤቶችም መጸዳጃው ከቤት ራቅ ብሎ ስለሚሠራ የእንግዳው ትልቁ አደጋ ይህችው የሌሊት አጭር መንገድ ናት።

ጅብን ወደ ሰፈር የሚጠራው ደግሞ እኛ የምንጥለው ነገር ነው። በበዓል የታረደ ከብት ፈርስ፣ አጥንትና ቆዳ ከግቢ ውጭ ሲጣል ጅቡ ያንን መንገድ ይለምዳል፤ በሚቀጥለው ሌሊት ምግቡ ባይኖርም ይመጣል። በትግራይ ተካሂዶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በዐቢይ ጾም እርድ ሲቀር ጅቦች ከወትሮው የበለጠ አህያ እንደሚበሉ ከዓይነ ምድራቸው በተገኘው ፀጉር አረጋግጧል። ለገበሬው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። በ55ቱ የጾም ቀናት አህያን በሜዳ ማሳደር ለጅብ እንደ መስጠት ስለሚቆጠር፣ ጋጣው በዚህ ወቅት ይበልጥ መጠናከር አለበት። የእሾህ አጥር በቁመት ከሰው ወገብ በላይ፣ በወርድም ጥቅጥቅ ያለ ይሁን፤ ጅብ ከመዝለል ይልቅ በሥር ሾልኮ መግባት ስለሚቀናው የአጥሩ ግርጌ በድንጋይ ይደፈን። ጥጃና ግልገል ግድግዳና ጣሪያ ባለው ቤት ይደሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው እንዳይሆን አጥሩ የሚጠገነው ጉዳቱ ሳይደርስ ነው።

ንክሻና የእብድ ውሻ በሽታ

ከአውሬ አምልጦ በበሽታው የሚሞት ሰው መኖሩ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የእብድ ውሻ በሽታ በውሻ፣ በጅብ፣ በቀበሮ፣ በድመትና በከብት ንክሻ ወይም በቁስል ላይ በሚያርፍ ምራቅ ይተላለፋል። በዓለም ዙሪያ ከሰው የበሽታው ሞት 99 በመቶ የሚሆነውን የሚያመጣው ውሻ ነው፤ ስለዚህ ወደ ገጠር የሚሄድ ሰው አንበሳን ከመፍራቱ በፊት በየበሩ የሚያጋጥመውን ያልተከተበ ውሻ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በባሌ ተራሮች በዓለም ላይ ቁጥራቸው እጅግ ያነሰውን ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ የጨረሰው ከመንደር ውሾች የመጣው ይኸው በሽታ መሆኑን ማስታወስም ተገቢ ነው። በቀን የሚዞር፣ ሰውን የማይፈራ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ፣ አፉ የሚዝረበረብ ወይም የሚንገዳገድ ጅብ ካዩ እንደታመመ ይቁጠሩት፤ ሲሞትም ሬሳውን በእጅ አይንኩት።

ንክሻ ወይም ቧጨራ በደረሰ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ ነው። ጊዜው ረጅም ይመስላል፤ ሰዓት እየተመለከቱ ይጠቡ እንጂ በግምት አያቋርጡ። የሚፈስ ቧንቧ በሌለበት አንድ ሰው ከጀሪካን እያንቆረቆረ ሌላው ይጠብ። ሳሙናው ቫይረሱን ስለሚያጠፋው ይህ ተራ የሚመስል ሥራ ከክትባቱ ጋር ሕይወት የሚያድን ነው። ከዚያ አዮዲን ይቀቡ። አመድ፣ በርበሬ፣ ቅጠል፣ ቡና ወይም ሌላ ነገር ቁስሉ ላይ አይጨምሩ። ብዙ የሚደማ ካልሆነ በስተቀር በፋሻ አጥብቀው አይዝጉት።

ቀጥሎ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ምልክቱ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ወር ውስጥ የሚታይ ቢሆንም በሳምንት ሊጀምር፣ እስከ ዓመትም ሊቆይ ይችላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ቁስሉ ቢደርቅና ሕመሙ ቢጠፋ እንኳ ከክትባት አይቅሩ፤ ጀምረው በመሐል አያቋርጡ። ጥልቅ ቁስል ወይም የፊትና የእጅ ንክሻ የደረሰበት ሰው ከክትባቱ ሌላ በቁስሉ ዙሪያ የሚሰጥ ተጨማሪ መድኃኒት ሊያስፈልገው ስለሚችል በወረዳው ካልተገኘ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። በመዲናዋ በጉለሌ የሚገኘውና ሕዝቡ ዛሬም ፓስተር እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በዚህ በሽታ ምርመራ ረጅም ልምድ ያለው ተቋም ነው። ጸበሉንም ጸሎቱንም የሚከለክልዎ የለም፤ ክትባቱ ግን ለነገ አይደር። ያበደ እንስሳ የነከሰውን ላም ወተት መጠጣትም ሆነ ሥጋውን መብላት አይገባም፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

ውኃ ዳር

በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ በአዋሽ፣ በኦሞና በባሮ ወንዞች ዳር የሚገኝ ሰው ዓይኑን ከውኃው ማንሣት የለበትም። አዞ ሰው አዘውትሮ የሚመጣበትን የውኃ ዳር ያጠናል፤ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ከውኃ በላይ አድርጎ ወይም ጨርሶ ሰጥሞ ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል፤ ከዚያም በድንገት ይወነጨፋል። የሐይቁ ገጽ ጸጥ ማለት ምንም ማረጋገጫ አይሰጥም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ አካባቢ በአባያ ሐይቅ ዳር ምእመናንን በማጥመቅ ላይ የነበሩ አንድ ፓስተር በብዙ ሰው ፊት በአዞ ተይዘው መሞታቸው በዜና ተዘግቧል። የሰው ብዛትና ድምፅ አዞን ያርቃል የሚለው እምነት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ይህ ይበቃል።

ስለዚህ አዞ ባለበት ውኃ ውስጥ አይግቡ፤ አይዋኙ፤ እግርዎንም አይንከሩ። ውኃ መቅዳት ግድ ሲሆን ባልዲውን በረጅም ገመድ ወይም በረጅም እንጨት አስረው ከዳሩ ጥቂት እርምጃ ርቀው ይቅዱ፤ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ በአንድ ሰዓት አይቅዱ፤ ከመሸ በኋላ ጨርሶ አይሂዱ። ጎንበስ ብሎ ልብስ ማጠብ ከሁሉ የከፋው አቋም ስለሆነ ውኃውን ወደ ላይ አውጥቶ ማጠብ ይሻላል። ዓሣ በዳር አርዶ ሆድ ዕቃውን ወደ ውኃ መጣል አዞን መጥራት ነው። ለቋሚ ነዋሪዎች የሚበጀው መፍትሔ በውኃ መቅጃው ዙሪያ በጠንካራ እንጨት ወደ ውኃው ዘልቆ የሚገባ አጥር መሥራት ነው። የሁሉ ማሰሪያ ግን የጉድጓድ ውኃ ነው፤ አንዲት እናት ለአንድ እንስራ ውኃ ሕይወቷን አስይዛ የምትወርድበት ሁኔታ በምክር ብቻ ሊስተካከል አይችልም። አዞ የያዘው ሰው ዓይኑን በጣት ወይም በማንኛውም ነገር በኃይል ይውጋ፤ ዳር ያሉትም ሰውየውን አጥብቀው ይያዙ። የአዞ ንክሻ ትንሽ ቢመስልም በጣም ስለሚመረዝ ሆስፒታል ያስፈልገዋል።

ጉማሬ ሣር በል በመሆኑ ብዙ እንግዳ ይንቀዋል። ክብደቱ ከ1,500 ኪሎ በላይ የሚደርሰው ይህ እንስሳ በየብስ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ቀን በውኃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ በለመደው ዱካ ወደ ግጦሽ ይወጣል፤ ሊነጋ ሲል በዚያው ይመለሳል። ሰው የሚሞተው በአብዛኛው በእሱና በውኃው መካከል ሲገኝ ነው። በጣና፣ በሐዋሳ ወይም በጫሞ ዳርቻ ሲሆኑ በሣሩ መካከል የተረገጠና ሰፋ ያለ ዱካ ካዩ ከመሸ በኋላና ከመንጋቱ በፊት አይሂዱበት። ድንገት ካጋጠመዎ ወደ ውኃው አቅጣጫ አይሽሹ፤ መንገዱን ለቀው ወደ ጎን ወጥተው ከዛፍ፣ ከትልቅ ድንጋይ ወይም ከኩይሳ ኋላ ይሁኑ። በጀልባ ሲጓዙ ፎቶ ለማንሣት ቀረብ በልልኝ ብለው ባለጀልባውን አያስጨንቁ። አፉን የከፈተ ጉማሬ እያስጠነቀቀ ነው።

እባብ

ከትልልቆቹ አውሬዎች ይልቅ ዝም ብሎ ብዙ ሰው የሚጎዳው እባብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. የእባብ ንክሻን ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በአገራችን ከሚጎዱት መካከል በሑመራ፣ በአብደራፊና በመተማ የሰሊጥ እርሻዎች የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ይገኙበታል፤ ብዙዎቹ ከደጋ የሄዱ፣ ባዶ እግራቸውን ወይም በሸበጥ የሚሠሩ፣ መሬት ላይ የሚያድሩ ወጣቶች ናቸው። ለሠራተኞቹ ቦት ጫማና ከመሬት ከፍ ያለ መኝታ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

እፉኝት የሰው ኮቴ ሲሰማ ከመሸሽ ይልቅ ባለበት ስለሚቀር ይረገጣል። በሣር ውስጥ ሲሄዱ ፊት ፊትዎን በዱላ ይምቱ፤ በማታ ያለ ባትሪ አይራመዱ፤ ድንጋይ፣ የማገዶ ክምርና ነዶ ሲያነሡ እጅዎን ወደማያዩት ጉድጓድ አይስደዱ፤ ጠዋት ጫማዎን አራግፈው ይልበሱ። የአልጋ አጎበር ከወባ ትንኝ ሌላ እባብንም ያርቃል፤ ጫፉ ግን በፍራሹ ሥር በደንብ መግባት አለበት።

የተነደፈውን ሰው ያስቀምጡት ወይም ያስተኙት፤ ያረጋጉት፤ በእግሩ እንዲሄድ አያድርጉ። እብጠቱ ሳይጀምር ቀለበት፣ አምባር፣ ጫማና ጠባብ ልብስ ያውልቁለት። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንደ ስብራት በእንጨት ደግፈው እንዳይንቀሳቀስ ያድርጉና ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ቁስሉን በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር፣ በእሳት መተኮስ ሁሉም ይጎዳል፤ አጥብቆ መታሰሩ እግርን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። እባቡን ለመግደል አያሳድዱ፤ መልኩንና የተነደፉበትን ሰዓት ማስታወስ ይበቃል። መርዙን የሚተፋ እባብ ዓይን ላይ ከረጨ በብዙ ንጹሕ ውኃ ረዘም ላለ ጊዜ ይታጠቡ፤ ዓይኑን አይሹት።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ

አንበሳና ነብር ከሰው መራቅን ይመርጣሉ። በአጋጣሚ ከተገናኙ አይሩጡ፤ ጀርባ አይስጡ፤ እንደ ጅቡ ሁሉ ፊትዎን አዙረው በዝግታ ያፈግፍጉ። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ካልተፈቀደ ቦታ ከመኪና አይውረዱ፤ በሰሜን ተራሮች ደግሞ አብሮዎ እንዲሄድ የተመደበውን ስካውት ትተው አይለዩ። የቆሰለ ነብርን ተከትሎ ቁጥቋጦ መግባት የብዙ ጎበዝ ሕይወት የጠፋበት ስሕተት ነው።

በ1970 እ.ኤ.አ. በተከለለው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ አካባቢ ወይም በጨበራ ጩርጩራ በኩል የሚያልፍ ሰው ትኩስ ፋንድያና የተሰበረ ቅርንጫፍ ካየ መንገድ ይቀይር። ግልገል ያላት ዝሆን ጆሮዋን ዘርግታ ራሷን ቀና ካደረገች ነፋሱ ከእርስዎ ወደ እሷ በማይነፍስበት በኩል በጸጥታ ይራቁ።

ዝንጀሮና ጦጣ የሚዳፈሩት ሰው ስላለማመዳቸው ነው። በደብረ ሊባኖስ መንገድ ላይ ወይም በአዋሽ ምግብ አይስጧቸው፤ ዳቦ ያለበት ፌስታል በእጅ አይያዙ፤ ቦርሳ ከነጠቁ አይታገሉ። ዓይናቸውን አፍጥጦ ማየትና ጥርስ ማሳየት ለጠብ መጋበዝ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ በብዙ ገጠር ማሳ ከዝንጀሮ የሚጠብቁት ሕፃናት ናቸው፤ ማማ ላይ ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው ሲውሉ ትምህርታቸውም ደኅንነታቸውም አብሮ ይባክናል። ጎረቤታሞች ማሳቸውን አቀናጅተው አዋቂዎች በተራ ቢጠብቁ ሸክሙ ይቀላል፤ ልጅ ማሰማራት ግድ ሲሆንም ሁለት ሆነው እንጂ አንዱን ብቻ መተው አይገባም።

ስለ ሕጉና ስለ ጥሪው

አደጋ ከደረሰ በኋላ መንደሩ ጦርና ጠመንጃ ይዞ ሲወጣ ሐዘኑን እረዳለሁ። ይሁን እንጂ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳት በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ከዚህም ሌላ በግርግር የሚደረግ አደን ተጨማሪ ሰው ያስጎዳል። ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ ለጅብ መጣል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። መርዙ የመንደሩን ውሾችና ጥንብ አንሣዎችን ይገድላል፤ ያልታሰበ ሕፃን እጅም ሊደርስ ይችላል። አደገኛ የሆነ እንስሳ ሲኖር ቀበሌው ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ያመልክት፤ ጉዳዩ ፓርክ አጠገብ ከሆነ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይነገር፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ዋና መሥሪያ ቤት ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ እንግዳው ከተማ ሲመለስ የመንደሩን አቤቱታ በጽሑፍ አድርሶ ሊያግዝ ይችላል። አቤቱታው ውስጥ የደረሰው ጉዳት፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የእንስሳው ዓይነትና ቁጥር፣ የተጎዳው ሰው ወይም ከብት፣ ከዚያ በፊትም ተመሳሳይ ነገር ደርሶ እንደሆነ በዝርዝር ይጻፍ።

ለአምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991 ይደውሉ። ኔትወርክ በማይደርስበት ቦታ ከፍ ያለ ኮረብታ የት እንዳለ አስቀድመው ይወቁ። መሥመሩ በመሐል ሊቋረጥ ስለሚችል በመጀመሪያ የቀበሌውንና የጎጡን ስም ከነወረዳው፣ ቀጥሎ የተጎጂውን ሁኔታና ጉዳቱ የደረሰበትን ሰዓት፣ ከዚያም መኪና ሊደርስበት የሚችለውን የቅርብ ቦታ ይናገሩ፤ እዚያም መብራት ይዞ የሚጠብቅ ሰው ወዲያው ይላኩ።